መኪና ማረድ ምንድን ነው? «ቆሞ የነበረ ነው፣ አልለፋም» ለምትሉ

«ስድስት ዓመት ከቆመ መኪና የወጣ ሞተር ነው። አልለፋም።» ይህን አዲስ አበባ ያገለገለ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ከሻጭ አፍ ብሰማው አልገረምም። ሻጭ ነው፣ ዕቃውን ማሞገስ ሥራው ነው። የሚያናድደኝ መካሪ ነን ባዮቹ ሲደግሙት ነው። ሰሞኑን አንዱ «ሞተር ስትፈልጉ ለዓመታት ከቆመ መኪና የታረደ ግዙ፣ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው» ብሎ ሲመክር ሰማሁት። ወንድሜ፣ ቆጣሪው የሚቆጥረው ጎማው ሲዞር ብቻ ነው። ክረምቱን አይቆጥርም፣ ፀሐዩን አይቆጥርም፣ አይጡንም አይቆጥርም።

ማረድ ማለት ከአገልግሎት የወጣ መኪናን ፈታትቶ የሚሠራውን ዕቃ ማውጣት፣ የቀረውን ለቁርጥራጭ ብረት መስጠት ነው። ይህን ጋራዥ ደጃፍ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። አንዳንዱ ነገሩን ሲሰማ ሌብነት ብቻ ነው የሚታየው። የተሰረቀ መኪና የሚያርድ የለም አልልም። የራሱን መኪና ከነሊብሬው የሚያርድ ሰው ግን ንብረቱን ነው የሚሸጠው።

ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው። ሁለት የማይገናኙ መኪኖችን በአንድ ስም እየጠራን ነው።

ቅርጫ ገብታችሁ ታውቁ የለ? በሬው የሚገዛው ቆሞ እየታየ ነው። ይራመዳል፣ ዓይኑ ይታያል፣ ጎኑ ይዳሰሳል። በጤናው ከታረደ ከምላሱ እስከ ሸሆናው የሚጣል የለውም። ትናንት ሲሄድ ውሎ ማታ ከኋላው ተገጭቶ ሻንሲው የተጣመመ ኮሮላ ልክ እንደዚህ በሬ ነው። ሞተሩ ትናንት ይነሳ ነበር፣ ማርሹ ትናንት ይገባ ነበር። ይህን የታረደ በሉት። ጎማው ተንፍሶ፣ ሥሩ ሣር በቅሎ፣ ግቢ ጥግ ስድስት ዓመት የተቀመጠው ግን አልታረደም። ሞቶ ነው የተገኘው። ሞቶ የተገኘ በሬ ሥጋው አይበላም፣ ቆዳው ግን ይገፈፋል። የቆመ መኪናም እንዲሁ ነው። የሚያዋጣው ቆዳውና አጥንቱ እንጂ ሰው ሁሉ የሚጓጓለት ሆድ ዕቃው አይደለም።

ምሳሌው እስከ መጨረሻ አይሄድም፣ አውቃለሁ። መኪና በአንድ ሌሊት አይሸትም። ስድስት ወር የቆመና ስድስት ዓመት የቆመ አንድ አይደሉም። ሲሚንቶ ላይ ጣሪያ ሥር የቆመና ሣር ላይ ዝናብ ሲመታው የከረመም አንድ አይደሉም። እርጥብ ሣር ከሥር እየተነነ ሻንሲውን ይበላዋል። ቆላ የከረመ መኪና ደግሞ ብዙ ላይዝግ ይችላል፣ ጎሚኒው ማለትም ከጎማ የተሠራው ዕቃ ግን በሙሉ ተሰነጣጥቆ ታገኙታላችሁ።

ወደ ሞተሩ እንግባ፣ ክርክሩ ያለው እዚያ ነው።

ሞተር ሲጠፋ ከሲሊንደሮቹ አንዳንዶቹ ቫልቫቸው ክፍት ሆኖ ይቀራል። ክረምት ሲመጣ እርጥብ አየር በዚያ ይገባል። ግድግዳውን ይጠብቅ የነበረው ስስ ዘይት ቀስ በቀስ ወርዶ አልቋል። የፒስተኑ ቀለበቶች ማለትም ፋሻዎቹ ባረፉበት ቦታ ላይ ዝገት ይጀምራል። ክር የምታህል የዝገት መስመር ናት፣ ከውጭ ምንም አትታይም። ሰውየው ባትሪ ያመጣና ሞተሪኖውን ማለትም ማስነሻውን ይመታል። ፋሻው ዝገቱን እየፋቀ ያልፋል፣ ሲሊንደሩን ይቧጭራል፣ አንዳንዴም ራሱ ይሰበራል። ሊድን ይችል የነበረ ሞተር በግማሽ ደቂቃ አለቀ። ከዚያ «ዘይት ይበላል፣ ግን አልለፋም» ተብሎ ይሸጣል።

እንዲህ ይሞከር። ካንዴላዎቹን ፍቱ። በየቀዳዳው ትንሽ ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጉና ቢያንስ አንድ ሌሊት ተዉት። በማግስቱ ካንዴላዎቹን ሳትመልሱ የክራንክ ሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) ትልቅ ብሎን በቁልፍ ይዛችሁ በእጅ አዙሩ። በእጅ! ለስላሳ ሆኖ ሁለት ሙሉ ዙር ከዞረ ተስፋ አለው። አንድ ቦታ ላይ ከያዘ አታስገድዱት፣ ዘይት ጨምራችሁ ጠብቁ። በመጎተት ማስነሳት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጣችሁም እዩት። ወተት የመሰለ ነገር ከተጋገረበት ውሃ ገብቷል፤ ከጤዛ ሊሆን ይችላል፣ ከተቃጠለ ጋስኬትም ሊሆን ይችላል።

በእጅ ዞረ ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። ፓራሊዮዎቹ ማለትም ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች ደርቀዋል፣ ሞተሩ በተነሳ በሳምንቱ ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራሉ። መኪናው ላይ ከተገጠመ በኋላ ከምትለፉ መሬት ላይ እያለ ቀይሯቸው። ቺንጋውንም (የሞተሩን ቀበቶ) ቀይሩ። ታንኩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ወደ ሙጫነት ተለውጦ ኢንጀክተሩንና ፓምፑን ይዘጋል። ናፍጣ ከሆነ ከታች በተጠራቀመው ውሃ ላይ ተሕዋስያን ይራቡና ጥቁር አተላ ይሠራሉ። ስለዚህ የቆመ መኪና የነዳጅ ፓምፕ «አዲስ ነው» ሲሏችሁ ሳቅ ብላችሁ እለፉ።

ፍሬን ላይ ደግሞ አልደራደርም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ ጠባዩ ነው። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን መፍያው ቢያንስ 230 ዲግሪ ነው። ውሃ ከጠጣ በኋላ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ልክ 155 ነው። ስድስት ዓመት ያልተቀየረው ምን ላይ እንደሚደርስ አስቡት፤ ዘይቱ ከፈላ ፍሬኑ አይዝም። የጠጣው ውሃ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ የካሊፐሩን (ጎማው ጋ ያለውን የፍሬን መያዣ) ፒስተንና የፍሬን ፓምፑን ከውስጥ ይበላል። ካሊፐር ከገዛችሁ ፒስተኑን አስወጥታችሁ በጥፍራችሁ ዙሪያውን ሂዱበት። ጥፍር ከያዘ ይጣል። እንጦጦን እየወረደ ፍሬን የሚረግጥ ሰው አለ፣ እሱን አስቡ።

ጎማ ላይም ያው ተረት አለ፣ «ጥርሱ አላለቀም» የሚባለው። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2318 ካለ በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ብዙ አምራቾች ከተመረተ አሥር ዓመት የሞላው ጎማ ጥርሱ ቢኖርም ይቀየር ይላሉ። በዚያ ላይ ለዓመታት ተንፍሶ ክብደት የተሸከመ ጎማ ውስጡ ተጎድቷል። ቸርኬውን ውሰዱ፣ ጎማውን ተዉት።

አሁን ያልተጠየቅሁትን ልናገር፣ ኤርባግ ከቆመ መኪና ፈታችሁ ሌላ ላይ አትግጠሙ። ውስጡ ፈንጂ ነገር አለ። ታካታ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅባቸው የሚነፋው ኬሚካል ተበላሽቶ፣ ሲፈነዱ የብረት ስብርባሪ ሰው ላይ ይረጩ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚጠጉ እንዲቀየሩ ጥሪ ተደርጎባቸዋል፣ ኩባንያውም በ2017 እ.ኤ.አ. ኪሳራ አውጇል። ቶዮታና ሆንዳም ከተነኩት ውስጥ ናቸው፣ እኛ ጋ በብዛት ያሉት ደግሞ ቶዮታዎች ናቸው። መሪውን ወይም ዳሽቦርዱን ልትፈቱ ከሆነ መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ሲስተሙ ውስጥ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ይቀራል። የደህንነት ቀበቶም እንደዚሁ ነው፣ ብዙዎቹ ውስጣቸው ትንሽ ፈንጂ አላቸው። ጨርቁን ደግሞ ፀሐይ ያደክመዋል።

እሺ፣ ከሞተው በሬ ቆዳው ምንድን ነው? ኮፋኖ (የሞተር ክዳን)፣ በር፣ ፓራፋንጎ (የጎማው ሽፋን)፣ ፖርቶ ባጋልዮ (የኋላ ዕቃ መጫኛው ክዳን)፣ መስታወት፣ ስፖኪዮ። እነዚህ መቆም ብዙም አይጎዳቸውም፣ የበሮቹ ሥር ካልዘገ። የፊት መብራት ግን አስተውሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፣ ፀሐይዋ ፕላስቲክ አትምርም። የአንዱ መኪና ሁለት መብራት ልዩነት ሊኖረው ይችላል፣ ወደ ግንቡ የዞረው ጥርት ያለ፣ ወደ ፀሐይ የዞረው ቢጫ። ዕቃ የምትፈቱ ከሆነ መጀመሪያ መኪናው በየት በኩል ጥላ እንደነበረው እዩ።

አጥንቱ ደግሞ ቸርኬ፣ ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው ብረት)፣ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው) እና ማንዋል ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ነው። ዲፈረንሻል ዘይት ውስጥ ተዘፍቆ ነው የሚቀመጠው፣ ጎርፍ ካልገባበት ብዙ ዓመት ይታገሳል። ዘይቱን በሁለት ጣት አሹት፣ የሚያብረቀርቅ የብረት ዱቄት ከተሰማችሁ ተዉት። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ግን ሆድ ዕቃ ነው፣ ጎሚኒ የበዛበት ነገር ስለሆነ አልመክርም። ዲናሞ (ባትሪውን የሚሞላው) እና ሞተሪኖ መሐል ላይ ናቸው። በእጅ አዙራችሁ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ካልጮኸ፣ ባትሪ ላይ አስሞክራችሁ ግዙ።

ኤሌክትሪኩ ላይ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ሶኬትን ከሥሩ የሚቆርጥ ሰው እጁ ቢታሰር አልቃወምም። ከሶኬቱ በኋላ ቢያንስ አንድ ስንዝር ገመድ ተዉለት፣ የሚገጥመው ሰው የሚቀጥልበት ያግኝ። ገመዱን ከመግዛታችሁ በፊት ግን ዳስሱት፣ አይጥ ልባሱን በማይታየው በኩል ግጦት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ዘመን ቀመስ ከሆነ መኪና ላይ ኮምፒውተሩን ለብቻው አትሽጡ። ቁልፉ፣ ቁልፉን የሚያነበው ዕቃና ኮምፒውተሩ የሚተዋወቁ ናቸው። ሦስቱን ከለያያችኋቸው ገዢው የማይነሳ ሞተር ይዞ ቴክኒሻን ፍለጋ ይዞራል። የፈታችሁትን ብሎን ደግሞ ወዲያው ወደ ቀዳዳው መልሱት። በአንድ ቆርቆሮ የተጠራቀመ ብሎን ለማንም አይጠቅምም።

ይህ ሁሉ ጉዳይ ለምን አሁን አሳሰበኝ? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አከበደው፣ መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱ ይብሳል። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። እየነዳናቸው ያሉት ቪትዝና ኮሮላዎች ግን የትም አልሄዱም፣ ዕቃ ይፈልጋሉ። ዓይን ሁሉ ግቢ ጥግ ወደቆሙት መኪኖች መዞሩ አይገርምም። ቢታረዱ ደስ ይለኛል፣ ዝም ብሎ ከሚበሰብስ የበሩ እጀታ እንኳ ለአንድ ሰው ቢደርስ ይሻላል። ብቻ ቆዳውን በቆዳ ዋጋ፣ ሥጋ ሳይባል ይሸጥ።

ከማረዳችሁ በፊት ግን ባለቤቱን እወቁ። ኮንዶሚኒየም ግቢ ለዓመታት የቆመ መኪና ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ውጭ አገር ያለ፣ ውርስ ላይ የተካሰሰ፣ ባንክ ያስያዘው ይሆናል። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር አመሳክሩ። ሞተር የምትገዙም ከሻጩ በስማችሁ የተጻፈ ውል ይኑራችሁ፣ ቁጥሩ ሊብሬያችሁ ላይ ካለው ስለሚለይ መጠየቃችሁ አይቀርም።

ዘይቱን፣ የራዲያተሩን ውሃና የባትሪውን አሲድ ቱቦ ውስጥ አትድፉ። ባትሪው የማይሠራ ቢሆንም ለእርሳሱ የሚገዛው አለ። የኤሲውን ጋዝም ዝም ብላችሁ አትልቀቁት፣ የሚስብ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ያውጣው። ኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ደግሞ ብርቱካንማ ገመድ ስታዩ እጃችሁን ሰብስቡ። ከ300 ቮልት በላይ ሊኖረው ይችላል፣ መኪናው ስለቆመ ሞቷል ማለት አይደለም።

የቀረውን አጽም ብረት ቆራጭ ከመንካቱ በፊት የነዳጅ ታንኩ ይውጣ። ባዶ ታንክ ከሞላ ታንክ የበለጠ አደገኛ ነው፣ የሚፈነዳው ትነቱ ነውና። ሰሌዳውንና ሊብሬውን ደግሞ ከዕቃው ጋር አብራችሁ እንዳትሸጡ። «ለሰሌዳው ለብቻው ልጨምርላችሁ» የሚል ገዢ ከመጣ፣ የሚፈልገው ለሌላ መኪና ነው።