መብራቱ እየበራ መኪናው እምቢ ሲል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክረምት ነው፣ ጅማ ሌሊቱን ሲዘንብባት አድሯል። ጠዋት ፈረንጅ አራዳ ወይም መርካቶ አካባቢ ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ መኪና አይጠፋም። ሬዲዮው ይሰማል፣ ፍሬቻው ይሰራል፣ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች። ከብቦት የቆመው ሰው ደግሞ ሁሉም መካኒክ ነው። ከሚወረወረው ምክር ግማሹ ስህተት ነው።

"መብራቱ ቦግ ካለ ባትሪው ደህና ነው"

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሬዲዮና የዳሽቦርድ መብራት የሚፈልጉት ጥቂት አምፔር ነው። ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ግን በትንሽ መኪና እንኳ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። ስለዚህ የደከመ ባትሪ ለመብራት በቅቶ ለሞተሪኖ ላይበቃ ይችላል።

መለየቱ ከባድ አይደለም። የፊት መብራቱን አብሩና ግድግዳ ላይ ሲያርፍ እያያችሁ ቁልፉን አዙሩ። ብርሃኑ ድክም ብሎ ከጠፋ ባትሪው ወይም ገመዱን ባትሪው ራስ ላይ የሚይዘው ማሰሪያ ነው። ብርሃኑ ምንም ሳይፈዝ መኪናው ጭጭ ካለ ደግሞ ኃይሉ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም፤ ፊውዙ፣ ሪሌው (ለሞተሪኖው ኃይል የሚያገናኘው ማብሪያ)፣ የቁልፍ ማስነሻው ይፈተሽ። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያለው ሰው ካገኛችሁ የተሻለ ነው። ሙሉ የሆነ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12 ገደማ ከሆነ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

"ቀጭ ቀጭ ካለ ሞተሪኖው ተቃጥሏል"

ቶሎ ቶሎ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የኃይል ማነስ ነው። ሞተሪኖ ከማስፈታታችሁ በፊት የባትሪውን ራስ እዩ። ማሰሪያው ላይ ነጭ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ዱቄት ካለ፣ ወይም በእጅ ሲነካ የሚዞር ከሆነ፣ ጥፋተኛው እሱ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍቱ፣ ከዚያ ፖዘቲቩን። ዱቄቱን በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡ፣ አድርቁ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ሲታሰር ኔጋቲቩ መጨረሻ ነው። ዱቄቱ አሲድ አለበትና እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን እንዳትነኩ።

አንድ ጊዜ ብቻ "ጧ" ብሎ ዝም ካለና ባትሪው ደህና ከሆነ ግን ሞተሪኖውን መጠርጠር ተገቢ ነው። በመዶሻ ቀስ ብሎ መምታት አንዳንዴ ያስነሳዋል። ያ ጋራዥ የሚያደርስ እንጂ ጥገና አይደለም።

"ምን ችግር አለው፣ እንግፋው!"

ማኑዋል ከሆነና የደከመው ባትሪው ብቻ ከሆነ ይሰራል። አውቶማቲክን ግን የሰፈሩ ሰው በሙሉ ቢገፋው አይነሳም። ከጂሬን ቁልቁለት ለቅቆ ማስነሳት የሚያምራችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስቡ፦ ሞተር ሳይነሳ ፍሬኑም መሪውም እንደወትሮው አይታዘዝም። እኔ ብሆን አልሞክረውም።

በነገራችን ላይ አውቶማቲክ መኪና ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ ካልሆነ ጨርሶ አይነሳም። በችኮላ ዲ ላይ ትቶ "ተበላሸ" የሚል ሰው ሞልቷል።

"ደጋግመህ አዙረው፣ ይነሳል"

ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ ካልያዘ ችግሩ የባትሪ አይደለም። ነዳጅ አልመጣም ወይም ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ እሳት አልሰጠም። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ብልጭ ድርግም ካለ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም፤ ሌላ ቁልፍ ካላችሁ ሞክሩ። ከ10 ሰከንድ በላይ አታዙሩ፣ በመካከሉም አሳርፉት። አለዚያ ደህናውን ባትሪ ትጨርሱታላችሁ፣ ሞተሪኖውም ይግላል።

"ከሰው ባትሪ ተውሰን አስነሳን፣ አለቀ"

ገና ነው። ባትሪው ለምን ወረደ? መብራት በርቶ አድሮ ከሆነ እሺ። ካልሆነ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ መሆኑ ይታይ፤ ሞተሩ እየሰራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ መገኘት አለበት። አንዳንዱ ባለሙያ ነኝ ባይ ሞተሩ እየሰራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ "ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው" ይላል። እንዳታስነቅሉ! በድሮ መኪና ያለፈ ዘዴ በዛሬው መኪና ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል፣ የሱ ዋጋ ደግሞ ከባትሪም ከዲናሞም ይብሳል።