የዋትሰን ቁስል የት ነው? ስለ ሼርሎክ ሆምስ «ድብቅ ፍንጮች» የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ሰሞን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ማኪያቶ ይዘን ስለ አንዲት ጥይት ተጨቃጨቅን። ጥይቷ የተተኮሰችው በ1880 ነው፣ አፍጋኒስታን ውስጥ፣ ማይዋንድ በተባለ የጦር ሜዳ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመታችው የልቦለዱን መርማሪ የሼርሎክ ሆምስን ጓደኛ፣ ታሪኮቹን የሚተርከውን ዶክተር ዋትሰንን ነው። የተጨቃጨቅነው የት ጋ መታችው በሚለው ነው።

በ1887 በወጣው የመጀመሪያ መጽሐፍ ዋትሰን ራሱ «ትከሻዬን ተመታሁ፣ አጥንቴ ደቀቀ» ይላል። በ1890 በወጣው ሁለተኛ መጽሐፍ ደግሞ ያው ዋትሰን የቆሰለ እግሩን ያስታምማል። ቁስሉ በሦስት ዓመት ውስጥ ከትከሻ ወደ እግር ወረደ።

ጓደኛዬ «ይሄ ፍንጭ ነው፣ ዋትሰን የሚደብቀው ነገር አለ» ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ሆምስን እወደዋለሁ፤ ፍንጭ ፍለጋውንም እንደዚያው። ለዚህም ነው በአድናቂዎች መሀል እንደ እውነት የሚዞሩ ጥቂት ነገሮችን አንድ በአንድ ማጥራት የፈለግሁት።

«የተምታታው ሁሉ ሆን ተብሎ ነው»

ሌሎቹ ስህተቶች የሚፈልቁት ከዚህ ነው። አርተር ኮናን ዶይል ስለ ሆምስ 4 ልቦለዶችና 56 አጫጭር ታሪኮች ጽፏል፤ ከ1887 እስከ 1927፣ በ40 ዓመት ውስጥ። የመጀመሪያዎቹ 12 አጫጭር ታሪኮች ስትራንድ በተባለ የለንደን መጽሔት ላይ ከጁላይ 1891 ጀምሮ በየወሩ አንድ አንድ እየሆኑ ወጡ። እንዲህ እየጻፈ ያለ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ የዋትሰን ቁስል የት ነበር ብሎ አያጣራም።

በአንዱ ታሪክ ውስጥ አንድ ማኅበር ቀይ ጸጉር ላላቸው ሰዎች ሥራ አለ የሚል ማስታወቂያ ያወጣል። ጋዜጣው የኤፕሪል 27 ነው፤ ዋትሰንም «ልክ ሁለት ወር ሆኖታል» ይላል። በዚያው ዕለት የተገኘው፣ የማኅበሩን መፍረስ የሚናገረው ወረቀት ላይ ግን የተጻፈው ቀን ኦክቶበር 9 ነው። አድናቂዎች በዚህ ላይ ብዙ ደክመዋል። ሲሆን ሲሆን ደራሲው ቀኑን ረስቶታል ብሎ ማለፍ ይበቃ ነበር።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። በ1911 ሮናልድ ኖክስ የተባለ የኦክስፎርድ ወጣት ምሁር የሆምስን ታሪኮች ሊቃውንት መጽሐፍ ቅዱስን በሚመረምሩበት ስልት መርምሮ አንድ ጽሑፍ አቀረበ። ቁም ነገር የለበሰ ጨዋታ ነበር። ጽሑፉ ለኮናን ዶይል ደረሰው፤ አንብቦም ለኖክስ ደብዳቤ ጻፈለት። ተደንቄአለሁ፣ ስለዚህ ነገር ከእኔ ይልቅ አንተ ብዙ ታውቃለህ አለው። ታሪኮቹን የጻፍኳቸው የፊተኛውን ሳላይ፣ ሳላያይዝ ነው ብሎም አመነ። ባለቤቱ ራሱ ይህን ካለ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

እኛ አማርኛ አንባቢዎች ለዚህ ስህተት ቅርብ ነን። ቅኔ ያሳደገን ስለሆንን ሰም ባየን ቁጥር «ወርቁስ?» እንላለን። ቅኔ ላይ ግን ወርቁን የሚያስቀምጠው ባለቅኔው ነው። የዋትሰን ቁስል ላይ ያስቀመጥነው እኛው ነን።

«የዋትሰን ሁለተኛ ስሙ ሄሚሽ ነው»

ይህን ከአድናቂ አፍ ያልሰማ የለም። መጽሐፎቹ ውስጥ ግን የለም። ዋትሰን ስሙ ጆን ኤች ዋትሰን ነው፤ ኤች የምን ምሕጻረ ቃል እንደሆነች ኮናን ዶይል የትም አልጻፈም።

ነገሩ የመጣው ከሌላ ግድፈት ነው። በ1891 በወጣ አንድ ታሪክ የዋትሰን ሚስት ባሏን «ጄምስ» ብላ ትጠራዋለች። ጆን የሚባለውን ሰው! የወንጀል ልቦለድ ደራሲዋ ዶሮቲ ሴየርስ ለዚህ መልስ አዘጋጀችለት። ኤች ማለት ሄሚሽ ነው፣ ሄሚሽ ደግሞ ስኮትላንዶች ጄምስን የሚጠሩበት መልክ ነው፣ ስለዚህ ሚስቱ በሁለተኛ ስሙ እያቆላመጠችው ነው አለች። ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል። አንዲት የተሳሳተች ቃል ይዛ ባልና ሚስቱን አቀራረበቻቸው።

ግን ሴየርስ ጨዋታ ላይ መሆኗን አልደበቀችም። ይህ ጨዋታ በፍጹም ቁም ነገር መካሄድ አለበት ያለችው እሷው ናት። ስህተቱ የሚመጣው ጨዋታውን ሰምተን ሕጉን ስንረሳ ነው። ሬክስ ስታውት የተባለው ደራሲም በ1941 ኒውዮርክ ላይ የሆምስ አድናቂዎች በተሰበሰቡበት ተነስቶ ዋትሰን ሴት ናት ብሎ «ማስረጃ» ደርድሯል።

«ሬሳው አለመገኘቱ ፍንጭ ነበር»

በዲሴምበር 1893 በወጣው ታሪክ ሆምስ ከጠላቱ ከሞሪያርቲ ጋር ተናንቆ ስዊዘርላንድ ውስጥ ከፏፏቴ ላይ ወደቀ። ሬሳ አልተገኘም። በ1903 ተመልሶ መጣ። ስለዚህ ብዙዎች «ደራሲው ያኔውኑ አስቦበት ነበር» ይላሉ።

አላሰበበትም። ሆምስን ለመግደል ማሰቡን ለእናቱ የጻፈላቸው ገና በ1891 ነው፤ መርማሪው ከተሻለ ሥራ እያዘናጋኝ ነው ብሎ። ከልቡ ነበር የገደለው። በ1901 ወደ ሆምስ ሲመለስ እንኳ ታሪኩን ከሞቱ በፊት የሆነ አድርጎ ነው የጻፈው። ለትንሣኤ መንገድ አዘጋጅቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ምን ያደርግለታል?

ከዚሁ ጋር የሚሄድ፣ ለእኛ ቅርብ የሆነ ነገር አለ። ሆምስ ሲመለስ በጠፋባቸው ሦስት ዓመታት የት የት እንደነበረ ለዋትሰን ይነግረዋል፤ ቲቤት፣ ፋርስ፣ መካ። ከዚያም ካርቱም ሄጄ ከሊፋውን አነጋገርኩ ይላል። ከሊፋው ማን እንደሆነ ኢትዮጵያዊ አንባቢ አይጠፋውም፤ በ1889 አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት ከእሱ ሠራዊት ጋር ሲዋጉ ነው። ችግሩ ከሊፋው በዚያ ዘመን መቀመጫው ካርቱም አልነበረም። ካርቱም በ1885 ከተያዘች በኋላ ፈርሳለች፤ ዋና ከተማው ከወንዙ ማዶ ኦምዱርማን ነበር። አንዳንድ አድናቂዎች ከዚህ ተነስተው ሆምስ ዋሽቷል፣ ጨርሶ አልሄደም ይላሉ። ግምቱ ደስ ይላል። ነገር ግን ለለንደን አንባቢ ያኔ የሱዳን ስም ካርቱም ነው፤ ጄኔራል ጎርደን የሞተባት ከተማ። ደራሲው የሚታወቀውን ስም ጻፈ፣ አለቀ።

«እውነተኛው ፍንጭ በጥልቅ የተቀበረ ነው»

ተቃራኒው ነው። እውነተኛው ፍንጭ ፊት ለፊት ይቀመጣል። በ1892 የወጣውን የጠፋውን የእሽቅድምድም ፈረስ ታሪክ ውሰዱ። ፈረሱ ሌሊት ከጋጣው ተወሰደ። ከጋጣው በላይ ሰገነት ላይ የተኙ ሁለት ልጆች ምንም አልሰሙም። ውሻም አለ፤ አመሻሹ ላይ እንግዳ ሰው ሲመጣ የጋጣው ልጅ ውሻውን ሊፈታበት ሲሮጥ አንብበናል። ሁሉም ነገር እጃችን ላይ ነው። ሆምስ የፖሊሱን መርማሪ ስለ ውሻው የሌሊት ነገር ሲያነሳበት መርማሪው «ውሻው ምንም አላደረገም» ይላል። ነገሩ ያ ነው! ውሻው አልጮኸም፣ የመጣውን ሰው ያውቀዋል ማለት ነው። ማን እንደሆነ ላላነበቡ አልናገርም።

ፍንጭና ግድፈት የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ፍንጩን መልሱ ይፈልገዋል፤ ውሻውን አውጡት፣ ታሪኩ ይፈርሳል። የዋትሰንን ቁስል ከትከሻ ወደ እግር፣ ከእግር ወደ ጆሮ ብታዞሩት አንድም ወንጀል አይነካም። ያው ኖክስ በ1929 ለወንጀል ልቦለድ 10 ሕጎች ሲያወጣ መርማሪው ያገኘው ፍንጭ ወዲያው ለአንባቢ መታየት አለበት የሚለውን አስገብቷል።

««ቀላል ነው፣ ውድ ዋትሰን» የምትለዋ አባባል ምስጢር አላት»

በ60ዎቹ ታሪኮች ውስጥ እንዲህ ተብላ የተጻፈችበት ቦታ የለም። ምስጢር ከመፈለግ በፊት መጽሐፉን መግለጥ ነው።

«የአንባቢ ጭቅጭቅ ለደራሲ ምንም አይፈይድም»

በአንድ ታሪክ ሆምስ ረግረግ ሜዳ ላይ የብስክሌት ጎማ ዱካ አይቶ ብስክሌቱ ወደየት እንደሄደ ይናገራል። ክብደቱ ከኋላ ስለሆነ የኋላ ጎማ ጠልቆ የፊተኛውን ዱካ ይደፍቀዋል፣ ስለዚህ አቅጣጫው ይታወቃል ነው የሚለው። አንባቢዎች ደብዳቤ አዘነቡ። ግማሹ አዘነለት፣ ግማሹ ተቆጣ። ብስክሌቱ ቢሄድም ቢመጣም ዱካው ያው ነው አሉት።

ኮናን ዶይል ብስክሌቱን አውጥቶ ራሱ ሞከረው። አንባቢዎቹ ልክ ነበሩ፤ ይህንንም የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ በግልጽ አመነ። ግን አንድ ሌላ ነገር አየ። ሜዳው ወጣ ገባ ከሆነ ጎማው ሽቅብ ሲወጣ ጠለቅ፣ ቁልቁል ሲወርድ ሳሳ ያለ ዱካ ይተዋል። አቅጣጫውን ማወቅ ይቻል ነበር፣ ሆምስ ባለው መንገድ ባይሆንም።