ሰባት ቤት፦ ባሕር ዳር ላይ ዝምድና ሲቆጠር

ባሕር ዳር ሁለት ሰው ቡና ላይ ከተዋወቀ «የማን ልጅ ነህ?» መምጣቱ አይቀርም። ከሜጫ ነኝ ካልክ ከየትኛው ቀበሌ ይልሃል፣ ከዚያ አያትህን ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ስኒ ሳያልቅ ዝምድና ተገኝቶ ያርፋል። ለወሬ ማሟሟቂያ ይመስላል። አይደለም።

በኦርቶዶክሱ ልማድ የሥጋ ዘመድ እስከ ሰባት ቤት አይጋባም። ስለዚህ ሽማግሌ ሲላክ የሁለቱም ወገን ዘር ይቆጠራል፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ምንዥላትና እንጅላት ድረስ፣ በእናትም በአባትም። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ከሥጋ የጎን ዘመድ የሚከለክለው እህትና ወንድምን፣ አክስትና አጎትን ነው። እዚህ ግን የአክስቴን ልጅ ላግባ ብትል ሕጉን የሚጠቅስልህ አታገኝም።

ድሮ ቆጠራው መሬትም ነበረበት። በጎጃም ርስት በእናትም በአባትም ስለሚመጣ፣ ድርሻዬን የሚል ሰው እስከ አቅኚው አባት ድረስ ዘሩን መቁጠር ነበረበት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ሲባል ያ ሙግት አበቃ። የዛሬ ልጅ አራተኛው ቤት ላይ የሚደናቀፈው በስልክ ሱስ ብቻ አይመስለኝም። የሚያስቆጥረው ነገር ቀርቶበት ነው።

አሁን ዝምድና ሌላ ሥራ ይዟል። ሽምብጥ ወይም ቀበሌ 14 ባለ ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ገብተህ፣ ከቤቱ ልጆች ሌላ ለትምህርት የመጣ የወንድም ልጅና ሥራ የሚፈልግ የአክስት ልጅ ብታገኝ አይግረምህ። ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። መናኸሪያ ያየሁት አንዱ ጎረምሳ ጤፉን በማዳበሪያ ተሸክሞ፣ በሶውን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ በብብቱ ሸጉጦ ነበር የወረደው። ከዘጌ በጀልባ የሚመጣው ደግሞ ቡና ወይም ጌሾ ይይዛል። ለቤት ኪራይ አይሆንም፤ ኪራይ የሚያነሳበትም የለም።

ሸክም አለው። ደሞዝ በወጣ ማግስት የሚደወለው ስልክ ብዙ ነው፣ ቴሌብር ከመጣ ወዲህማ «እልካለሁ፣ ሰው ካገኘሁ» ማለት ቀረ። ልቅሶ የቀረ ሰው ደግሞ አለቀለት። እኔ አንዱን ከቀረሁ ስንት ዓመቴ፣ ሰርግ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ዛሬም «አንተ እኮ ጠፋህ» ይሉኛል።

ደግሞ ያለ ደም የሚዛመዱ አሉ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሱ ያነሳቸው ሰው የክርስትና አባት ወይም እናት ይሆናል፣ ከወላጆቹም ጋር አበልጅ ይባባላሉ። ይህም እንደ ሥጋው ጋብቻ ይከለክላል። ቀዳም ሥዑር ማታ ባጃጅ ውስጥ ድፎ ዳቦ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ የያዘ ልጅ ካየህ፣ ለክርስትና አባቱ አክፋይ እየወሰደ ነው።