ሳያርሱ የሚበሉ፦ እርሻ፣ ገበያና ደን በጣና ዳር

ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው አታገኙም። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ የምትርቀው ይህች ባሕረ ገብ መሬት በዛፍ የተሸፈነች ናት። የአካባቢው ትውፊት ነገሩን ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል። ምድሪቱ እንዳትታረስ፣ የቀንድ ከብትም እንዳይረባባት ያዘዙት እሳቸው ናቸው ይባላል። ይህ በመንግሥት ወረቀት የወጣ ደንብ አይደለም፤ ግዝት ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን፣ አዝዋ ማርያምንና ሌሎቹን አድባራት የከበበው ደን እስከ ዛሬ የቆየው በዋናነት በዚህ ግዝት ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ታዲያ ሰዉ ምን ይበላል? እንደ ጎረቤቱ ሁሉ እንጀራ ይበላል። እህሉ ግን ከሌላ ሰው ማሳ ነው የሚመጣው። የዘጌ ሰው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ይሸጣል፤ በብሩ ጤፍና በቆሎ ይሸምታል። ቡናው የሚያድገው እንደ ብርብራና ዋንዛ ባሉ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ዛፉ ከተቆረጠ ቡናው ፀሐይ ይመታዋል። ስለዚህ ደኑን መጠበቅ ለዘጌዎች ጽድቅም ጥቅምም ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከወቅቱ ነው። እህል የሚረክሰው አዝመራ በገባ ማግስት፣ ጥር አካባቢ ነው። የሚወደደው ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ የገበሬው ጎተራ ሲራቆት ነው። ቡና በበጋ ይለቀማል፤ ብሩም የሚገባው ያኔ ነው። በጊዜው ሸምቶ ያስቀመጠ ክረምቱን በሰላም ያልፋል። ብሩ ለዕዳና ለድግስ የወጣበት ቤተሰብ ግን ክረምት ላይ የሚሸጠው አንድ ነገር ብቻ ይቀረዋል፤ እንጨት። የዘጌ ማገዶ በሴቶች ጀርባ ወደ ውሃው ዳር፣ ከዚያም በታንኳ ወደ ባሕር ዳር መሄዱ የቆየ ነገር ነው። እንግዲህ የዘጌ ደን እንዴት ከረመ ለማለት ዛፍ ከመቁጠር በፊት የጤፍ ዋጋ ስንት ገባ ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

ሳያርሱ የሚኖሩት ዘጌዎች ብቻ አይደሉም። በሐይቁ ዙሪያ ያሉት ነገደ ወይጦዎች ኑሯቸው ከውሃው ጋር የተሳሰረ ነው። ድሮ ጉማሬ ያድኑ ነበር። ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ቅርጫት ይሠራሉ፣ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባሉ። ጣና የምትታወቅበትን ታንኳ የሚያበጁትም እነሱ ናቸው። ታንኳው ከደንገል ይታሰራል፤ ደንገል የሚበቅለው ደግሞ ረግረግ ላይ ነው። ረግረጉ ሲታረስ ደንገሉ ይጠፋል። እነሱ ሊያርሱበት የሚችሉት መሬት ከድሮም አልነበራቸውም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ደንገል ሲጠፋ እህል የሚሸምቱበት ገንዘብ አብሮ ይጠፋል።

ረግረጉን የሚበላው እርሻ የራሱ ስም አለው፤ ባሕር ሸሽ ይባላል። ክረምት አልፎ ሐይቁ ወደ ኋላ ሲል ርጥብና ለም መሬት ትቶ ይሄዳል። ገበሬው እርጥበቱ ሳይደርቅ ይዘራበታል። ዝናብ አይጠብቅም፣ መሬቱ ጥሩ ያበቅላል፣ ትርፉም ደህና ነው። ይህ መሬት የማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን መቼም ቢሆን ጠብ አያጣውም። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ሲሠራ የውሃው ከፍታ ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲባል በሰው እጅ ገባ። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ እጅግ ወርዶ የጀልባ ጉዞ ሲተጓጎል፣ ገበሬዎች በተጋለጠው የሐይቁ ወለል ላይ ዘሩበት። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ውሃ እየሳበ ነው።

ለማያውቀው ስለ ሐይቁ ጥቂት ልበል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ያን ያህል ሰፍቶ ጥልቀቱ ግን 15 ሜትር አይሞላም፤ ሰፊ ትሪ በሉት። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከሚገባው የወንዝ ውሃ አብዛኛውን ያመጣሉ። ካርታ ላይ ቦታው 12 ዲግሪ ሰሜን ነው፤ ሐሩር ክልል ውስጥ ማለት ነው። ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግን ወይና ደጋ ነው፤ ጤፍም ማንጎም ይበቅልበታል። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይጠቃለላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ የመስኖ ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በምሥራቅ በኩል፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኙበታል። ድሮ ይህ ቦታ የከብት አገር ነበር። በወተቱ የተመሰገነው የፎገራ ከብት ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ውሃ የሚተኛበት መሬት ለጤፍ አይመችም። በደርግ ጊዜ ሩዝ ሲሞከር ግን ጎርፉ ራሱ ሀብት ሆነ። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎችም በሙከራው ነበሩበት። ያኔ ከተሞከሩት ዘሮች አንዱ ኤክስ ጅግና የሚባለው ነው፤ ጅግና በአካባቢው የነበረ የአምራቾች ማኅበር ስም ነው። ገበሬው ለረጅም ዓመታት ይህን ዘር ከእጁ አልለቀቀም።

ዛሬ ፎገራን ያለ ሩዝ ማሰብ ይከብዳል። ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ከተማ ሆናለች። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ነው። ሩዙ ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራል፤ ፓምፕ ያለው ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ይተክላል። ገለባው ለከብት ይሆናል። በከተማው የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይጋገራል። ጤፍ ሰማይ በነካበት ዘመን ይህ ለብዙ ቤት እፎይታ ነው። እንጀራው ነጣ ይላል፤ ቶሎ የመድረቅ ጠባይም አለው። የጤፍ ወዳጆች ቢያጉረመርሙም ማታ ማታ የሚበሉት እሱን ነው።

የጠፋም ነገር አለ። ግጦሹ ጠቧል፤ ንጹሕ የፎገራ ከብትም እየሳሳ ሄዷል። ባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዝርያውን ለማቆየት ይሠራል። ለሩዝ ሲባል ኑግ የተዘራበት ማሳም ቀንሷል። ወተትና ዘይት ከቤት ወጥተው ሱቅ ገቡ ማለት ነው። ፎገራዎች ከቀድሞው የተሻለ ብር ያገኛሉ፤ በዚያው ልክ ከድሮው የበለጠ ይሸምታሉ። አራሹም እንደ ዘጌው ሰው ገበያ ጠባቂ ሆኗል።

ገበያው ደግሞ ለሁሉም እኩል ቅርብ አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ሐሙሲትን፣ ወረታንና አዲስ ዘመንን ያገናኛል። የሐሙሲት ስም ራሱ የገበያ ቀን ነው። ከአዲስ ዘመን ብዙም የማትርቀው ይፋግ በ19ኛው መቶ ዘመን ነጋዴ የሚጎርፍባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። መንገድ ዳር ያለ ገበሬ ሽንኩርቱን ከማሳው ጫፍ በአይሱዙ ይጭናል። ከመንገዱ ሁለት ሰዓት በእግር የሚርቀው ግን ወይ በአህያ ያመላልሳል፣ ወይ ሽንኩርት መትከሉን ይተወዋል። ቲማቲምማ ለእንዲህ ያለ መንገድ አይሆንም።

ሽንኩርት ቁማር ነው። አንድ ዓመት ዋጋው ይሰቀልና ገበሬው ቤቱን ቆርቆሮ ያለብሳል። ያን ያየ ጎረቤት ሁሉ በዓመቱ ሽንኩርት ይተክላል። ምርቱ በአንድ ሰሞን ይወጣና ዋጋው ይወድቃል። ማቆያ ያለው ገበሬ ጥቂት ስለሆነ በተባለው ዋጋ ይሸጣል። እዚህ ላይ ደላላን መርገም የተለመደ ነው። እኔ ግን ደላላው ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው እላለሁ፤ አዲስ አበባ ላይ ዛሬ ስንት እንደዋለ ያውቃል። ስልክ በየእጁ ከገባ ወዲህ ይህ ጥቅሙ ትንሽ ቀንሷል። መኪናና ገዥ የሚያገናኘው ግን አሁንም እሱ ነው።

መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ሁሉም እኩል ይሆናል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በቆየው ጦርነት መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል። ምርት ማሳ ላይ ሲበላሽ፣ ከተማው ውስጥ ያው ምርት ይወደዳል። በዚያው በ2015 ክረምት የማዳበሪያ እጥረት ገበሬውን አስጨንቆት ነበር። ርሃብ ሁልጊዜ ዝናብ በማጣት አይመጣም።

ወደ ውሃው ልመለስ። ጣና ውስጥ ቆሮሶ፣ አምባዛና ባርበስ የሚባለው ዓሣ አሉ። ባርበስ አንድ ዓሣ አይደለም። ከ15 በላይ ዓይነት ሲሆን አብዛኞቹ ከጣና ሌላ የትም አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራና ሌሎች ወንዞች ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። አጥማጁ ይህን ስለሚያውቅ የወንዙ አፍ ላይ መረቡን ይዞ ይጠብቃል። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ የጣና ዓሣ የሚጠመደው በታንኳ ዳር ዳሩን ነበር። በ1978 ዓ.ም. የተጀመረ ፕሮጀክት ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ አመጣ። ምርቱ አደገ፤ ባሕር ዳርም የዓሣ ከተማ ሆነች። ከዓሥር ዓመት በኋላ ግን እንቁላል ሊጥሉ ወደ ወንዝ የሚወጡት ባርበሶች ክፉኛ ቀንሰው ተገኙ።

ከመረቡ ሌላ ብርብራ አለ። ለዘጌ ቡና ጥላ የሚሆነው ያው ዛፍ ማለቴ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣን ያደነዝዛል። ትልቁንም ትንሹንም አይለይም። በጾም ወራት ደግሞ የዓሣ ፈላጊው ይበዛል። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ልተወው፤ ገበያው ግን ከፈረደ ቆይቷል። ቋንጣ ሆኖ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚሻገርም ነበረው።

እምቦጭ የመጣው በዚህ ላይ ነው። አረሙ ሐይቁ ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ የበረታውም በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በደምቢያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ነው። ቦታው በአጋጣሚ አይመስልም። ውሃው እዚያ ጥልቀት የለውም፤ ወንዞቹም ከደጋው የታጠበውን አፈርና ማዳበሪያ የሚያወርዱት ወደዚያው ነው። ሕዝቡ በዘመቻ ወጥቶ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሎታል። ማሽንም ተገዝቷል። የተነቀለው ግን ምግቡ እስካልተቋረጠ ድረስ ተመልሶ ይበቅላል። እምቦጩ መረብ ይይዛል፣ ጀልባ ያስራል፣ ዳር ዳሩ ያለውን ግጦሽና የሩዝ ማሳም ይወርራል። ከላይ የተዘራ ማዳበሪያ ታች ሌላ አዝመራ ያበቅላል ማለት ነው።

ስለዚህ ደጋው ላይ ያለው ዛፍ የሐይቁም ጉዳይ ነው። ሜጫ ላይ ባሕር ዛፍ የእህል ማሳውን እየገፋ ነው። ገበሬው ባሕር ዛፍን እንደ ባንክ ያየዋል፤ ሲቸግረው ቆርጦ አጣና ይሸጣል። አፈሩ ኮምጣጣ በሆነበትና ኖራ እንደልብ በማይገኝበት ቦታ እህል ከመዝራት ይህ ይሻለዋል። መርዓዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር ለማልማት ታስቦ ከተሠራ ወዲህ ግን እዚያው አካባቢ ስንዴ፣ ድንችና አቮካዶ ከባሕር ዛፍ ጋር ይፎካከራሉ። በባሕር ዳር ዙሪያ ደግሞ መስኖ ባገኘው ማሳ ላይ ጫት ገብቷል። ከጫት ጋር የሚፎካከር አትክልት ደግሞ ብዙም የለም።

ወደ አዊ ወጣ ስትሉ ነገሩ ሌላ ነው። ፋግታ ለኮማ ላይ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል ጤፍ ይዘራል። አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ቆርጦ ከሰል ያከስልና መልሶ ይተክላል። ራቁቱን የነበረው ተራራ አረንጓዴ የለበሰው ማንም ስለ ደን ስላስተማረው ሳይሆን ከሰል ስለሚሸጥ ነው። ደግነቱ ዛፉ አፈሩንም ያሻሽላል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የገባው የዛፍ በሽታ ብዙውን ሲያደርቀው ግን በአንድ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ኑሮ ምን ያህል እንደሚያሰጋ ታየ።

የጥንቱ ደን የቀረው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። በደቡብ ጎንደር ከሺህ በላይ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉ፤ ከሩቅ ሲታዩ በታረሰ መሬት መካከል የተነጠፉ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ይመስላሉ። ወይራና ጽድ የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎች እዚያ ተጠልለዋል። ለንብ፣ ለወፍና ለምንጭም መጠጊያ ናቸው። ጣና ራሱ ከነዙሪያው በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስፋቱ 700 ሺህ ሄክታር ይጠጋል። የሚጠበቀው እምብርት፣ ዙሪያውን ያለው መከለያና ሰው የሚያርስበት ክልል ተለይተዋል። መዝገቡ ጥሩ ነው። ከብቱ ግን ካርታ አያነብም፤ ግጦሽ ሲያጥረው ደኑ ውስጥ ገብቶ ችግኙን ይበላል።

የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምእመኑ ጋር ሆነው የጀመሩት ሥራ እዚህ ላይ ይነሳል። በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ይካባል፤ ሲሚንቶ የለውም። ድንጋዩ የሚለቀመው ከአጠገቡ ማሳ ነው። ድንጋይ የተለቀመለት ማሳ ለማረስ ይቀላል፤ ገበሬው ለካቡ ድንጋይ ሲሸከም የሚውለው ለራሱም ሲል ነው። ካቡ ካለቀ በኋላ በውስጡ ችግኝ ብቅ ብቅ ይላል። ሰው በበሩ ይገባል፣ ይጸልያል፣ ይወጣል። በሬው ውጭ ይቀራል።