ሰልፍ ኬተሪንግ የገጠር ማረፊያ ቤት ምንድን ነው?

«ሰልፍ ኬተሪንግ ማለት በአጭሩ ቁርስ የሌለው ርካሽ ሆቴል ነው» ይላል አንዱ። ሰሞኑን ያነበብኩት ነው፤ ከዚያ በፊትም ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። ሰውዬው ገጠር ውስጥ ቤት ተከራይቶ ከርሞ ቅሬታውን ደርድሯል። አልጋ የሚያነጥፍ የለም፣ ፎጣ በየቀኑ አይቀየርም፣ ሲደርስ የተቀበለው ሰው አልነበረም፣ ቁልፉን በር ላይ ካለች ሳጥን ራሱ አወጣ። እነዚህን ቤቶች ማስተዳደር እንጀራዬ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከዘረዘራቸው ነገሮች አንዱም የቤቱ ጉድለት አይደለም።

ሰልፍ ኬተሪንግ ቃል በቃል ምግባችሁን ራሳችሁ ታዘጋጃላችሁ ማለት ስለሆነ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወጥ ቤቱን እያየ ነው። ክፍል ውስጥ ምድጃና ፍሪጅ የሚያስቀምጥ ሆቴልም እኮ አለ። ዋናው ነገር ሙሉ ቤቱ ለተወሰኑ ቀናት በእናንተ እጅ መግባቱ ነው። ግቢው፣ ማሞቂያው፣ ቆሻሻው፣ ማታ በሩን መቆለፉ፣ ሁሉም የእናንተ ነው። አከራዩ አስቸኳይ ነገር ካልገጠመ በቀር ሳያስፈቅድ ዝር አይልም። አልጋ የሚያነጥፍ ሰው የማይመጣውም ለዚህ ነው፤ ቢመጣ ቤታችሁ ገባ ማለት ነው።

ሆቴልን እንደ ታክሲ ቁጠሩት፣ ይሄኛውን ደግሞ ያለ ሹፌር እንደ ተከራያችሁት መኪና። መኪና ተከራይቶ ሹፌር የለውም ብሎ የሚናደድ ሰው አላየሁም። ነዳጁን ትሞላላችሁ፣ መንገዱን ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ፣ በፈለጋችሁበት ትቆማላችሁ። ፍሬኑ እንዲይዝ ማድረግ ግን የአከራዩ ግዴታ ነው፤ ቤትም ላይ መብራቱ፣ ውሃው፣ ማሞቂያው መሥራት አለበት፣ እዚያ ላይ «ራስህን ቻል» የሚባል ነገር የለም። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ ቶሎ እንደምትደውሉት ሁሉ፣ ጣሪያው ሲያንጠባጥብም ያኔውኑ ደውሉ። በመጨረሻው ቀን ቢነገረን ምን እናደርግላችኋለን? ስትመልሱም መኪናውን እጠቡ አንልም፣ ቆሻሻ ሞልታችሁ ግን አትመልሱ።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ አይሠራም። መኪና ሁሉ ያው መኪና ነው፣ የገጠር ቤት ግን እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው። ማንም ባይጠይቀኝም ይህን ሳልናገር አላልፍም። ብዙው ከከተማ ፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም፣ ያለው ሴፕቲክ ታንክ፣ ማለትም መሬት ውስጥ የተቀበረ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ነው። ታንኩ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ናቸውና በረኪና በብዛት ካፈሰሳችሁ ትገድሏቸዋላችሁ። እርጥብ ሶፍት ማሸጊያው ምንም ቢል ሽንት ቤት ውስጥ አትጣሉ፣ መስመሩን ይደፍናል። ውሃው ከጉድጓድ የሚመጣ ከሆነ መስመሩ ላይ የአልትራቫዮሌት መብራት ሊኖር ይችላል። ጀርም የሚገድለው በርቶ ሳለ ብቻ ነው። ተከራይ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ሶኬቱን ይነቅለዋል፤ ውሃው እንደ ወትሮው ኩልል ብሎ ይወርዳል፣ ግን አልታከመም። የእንጨት ምድጃ ካለ ደግሞ ፍሙ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ አየር ማስገቢያውን አትዝጉ፣ ብርድ ገባ ብላችሁም ግድግዳው ላይ ያለውን ቀዳዳ በጨርቅ አትወትፉ። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ገዳይ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ጋዙን የሚያሳውቀው ጠቋሚ መሣሪያ ሲጮህ ባትሪውን ለመንቀል አትታገሉ፤ መጀመሪያ ውጡ፣ ከዚያ ደውሉ። አመድ ለቀናት ፍም ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ክዳን ባለው የብረት ዕቃ አድርጋችሁ ውጭ አስቀምጡት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ፈረንሳዮች ክፍል በመከራየትና ሙሉ ቤት በመከራየት መካከል ያለውን ልዩነት በግልጽ አስቀምጠውታል። «ሻምብር ዶት» የሚሉት ባለቤቱ በሚኖርበት ቤት ውስጥ የሚከራይ ክፍል ነው፤ ቁርስ የግድ ይቀርባል፣ ከ5 ክፍልና ከ15 ሰው መብለጥም አይቻልም። «ዢት» የሚሉት ግን ለብቻችሁ የምትይዙት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የተመሠረተው ዢት ደ ፍራንስ የገጠር ቤቶች ታድሰው እየተከራዩ ለባለቤቶቻቸው ገቢ እንዲያመጡ ሲሠራ የኖረ ድርጅት ነው። ለቤቶቹ ከ1 እስከ 5 የስንዴ ዛላ እየሰጠ ምቾታቸውንና ዕቃቸውን ይመዝናል። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ላንድማርክ ትረስት ታሪካዊ ሕንፃዎችን አድሶ ሲያከራይ ሆን ብሎ ቴሌቪዥን አያስገባባቸውም። ጸጥታውን ፈልጎ ለሚሄድ ሰው ይህ ጉድለት አይደለም።

«ርካሽ» የሚለውም ያናድደኛል። ስድስት ሆናችሁ ሳምንት ከቆያችሁ አዎ፣ እያንዳንዱ ሰው የሚከፍለው ትንሽ ይሆናል። ሁለት ሆናችሁ ሁለት ሌሊት ካደራችሁ ግን ከሆቴል ሊበልጥባችሁ ይችላል፣ ምክንያቱም አንድ ሌሊትም ተኛችሁ ሰባት አንሶላው ሁሉ ይታጠባል፣ ቤቱም ከጣሪያ እስከ ወለል ይጸዳል። ብዙ ቤት በበዓል ሰሞን ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ብቻ የሚከራየው ለዚህ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ውጡ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት አትግቡ የምንለውም ማስቸገር ወደን አይደለም፤ ጽዳት ሠራተኞቹ ያላቸው ያቺው ስድስት ሰዓት ናት።

ሰውዬው እውነት ያለው አንድ ነገር ላይ ነው። ፎጣ አለ ተብሎ ተጽፎ ፎጣ ከሌለ፣ ማሞቂያ አለ ተብሎ ካልሞቀ፣ ጥፋቱ የአከራዩ ነው። ስለዚህ አንሶላና ፎጣ ይካተት እንደሆነ፣ ማገዶና መብራት ለብቻ ይከፈል እንደሆነ፣ የመጨረሻው ኪሎ ሜትር መንገድ ለማንኛውም መኪና ይሆን እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። የስረዛውን ውልም አንብቡ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በኢንተርኔት የገዛችሁትን በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት የመመለስ መብት ይሰጣል፣ ቀኑ ተቆርጦ የተያዘ የዕረፍት ማረፊያ ግን ከዚህ ውጭ ነው። ሐሳባችሁን ብትቀይሩ የሚመለስላችሁ ውሉ ላይ የተጻፈው ያህል ብቻ ነው።