ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ማን ይቀድማል፣ ማንስ ይሠራል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ የተዘረጋው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የፍጥነት መንገድ ለትራፊክ ክፍት ከሆነ ወዲህ፣ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱት ከባድ መኪኖችም በዚሁ አቅጣጫ ስለሚያልፉ፣ በአዳማ ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ነርስ ከሰዓት በኋላው እንደ ጠዋቱ ይሆናል ብሎ ማቀድ አይችልም። ትኩሳትና የሆድ ሕመም ሲያስተናግድ የዋለ ክፍል፣ አንድ ሚኒባስ ሲገለበጥ በሩብ ሰዓት ውስጥ መልኩ ይለወጣል። በዚህ ሥራ ላይ ባሳለፍኳቸው ዓመታት የሰማኋቸው ቅሬታዎች አብዛኞቹ ከሁለት ጥያቄዎች የሚነሡ ናቸው፦ ማን ቀድሞ ይታያል፣ የትኛውን ሥራስ ማን ይሠራዋል? ከዚህ በታች የማነሣቸው አመለካከቶች ከታካሚ ቤተሰብ ብቻ የሚሰሙ አይደሉም፤ ግማሾቹ ከራሳችን ከባለሙያዎቹ አፍ የሚወጡ ናቸው።

«ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይታያል»

ባንክ ቤትም ሆነ ወፍጮ ቤት ሰው የሚስተናገደው በመጣበት ተራ ስለሆነ፣ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስም ያንኑ ቢጠብቅ አይገርምም። እዚህ ግን ተራ የሚያዘው በአደጋው መጠን ነው። አሠራሩ ትሪያጅ ይባላል፤ ቃሉ ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ሲሆን መለየት ማለት ነው። የናፖሊዮን ጦር የቀዶ ሕክምና ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ዣን ላሬ፣ ቁስለኞች በማዕረጋቸው ሳይሆን በቁስላቸው ክብደት ቅደም ተከተል መታከም አለባቸው በማለቱ የአሠራሩ ጥንስስ ከእሱ ስም ጋር ይያያዛል። ዛሬ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የሚሠራበት የደቡብ አፍሪካ የትሪያጅ ሚዛን ታካሚዎችን በቀለም ይለያል፤ ቀይ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት ውስጥ፣ አረንጓዴ ደግሞ በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት።

ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ጣቱ አብጦ የተቀመጠ ሰው፣ 4 ሰዓት ላይ ደረቱን ይዞ የገባ ሽማግሌ ቢቀድመው አድልዎ አይደለም። ሆኖም የሚጠብቀው ሰው ይህን የሚነግረው ካላገኘ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ለምን እንደሚጠብቅና ምን ዓይነት ለውጥ ከተሰማው ወዲያውኑ መናገር እንዳለበት በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የትሪያጅ ሥራ አካል ነው፤ ጊዜ የለንም በሚል ሰበብ አብዛኛውን ጊዜ የምንዘለውም እሱን ነው።

«የሚጮኸው ነው የባሰበት»

በጩኸት የሚጣራ ሰው የአየር መተላለፊያው ክፍት መሆኑን፣ መተንፈሱንና ቢያንስ ለመጮኽ የሚበቃ ደም ወደ አንጎሉ እየደረሰ መሆኑን በአንድ ትንፋሽ አረጋግጦልናል። ሕመሙ እውነተኛ ነው፣ ማስታገሻም ይገባዋል፤ ነገር ግን ወደ ክፍሉ የገባ ነርስ ዓይኑ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ዝም ያለውን ነው። ሲያለቅስ ቆይቶ በድንገት የፈዘዘ ሕፃን፣ ላብ አጥምቋቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ያሸለቡ የሚመስሉ የስኳር ሕመምተኛ እናት፣ ደረቱ ሲያፏጭ የነበረና አሁን ፉጨቱ የጠፋለት የአስም ታካሚ፣ ሦስቱም ማንንም አያውኩም። በተለይ የመጨረሻው ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ፉጨቱ የቀረው ስለተሻለው ሳይሆን የሚገባና የሚወጣ አየር ስላነሰ ሊሆን ይችላል።

ይህን ስህተት የሚከላከለው ቅደም ተከተል ለሁሉም ባለሙያ የታወቀ ነው፦ የአየር መተላለፊያ፣ አተነፋፈስ፣ የደም ዝውውር፣ ንቃት፣ በመጨረሻም ልብስ ገልጦ መላ አካልን ማየት። የሚጎድለው ዕውቀቱ ሳይሆን መለካቱ ነው። ከሁሉም በላይ ችላ የሚባለው የአተነፋፈስ ቁጥር ነው፤ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆሞ መቁጠር ስለሚሰለች ብዙ ካርድ ላይ 20 ተብሎ ይጻፋል። ይህች ቁጥር የምታመጣውን ጉዳት በሒሳብ ላሳይ። ከላይ በተጠቀሰው የደቡብ አፍሪካ ሚዛን ነጥብ የሚሰጠው ለእንቅስቃሴ፣ ለአተነፋፈስ፣ ለልብ ምት፣ ለላይኛው የደም ግፊት፣ ለሙቀት፣ ለንቃትና ለአካል ጉዳት ነው፤ 7 እና ከዚያ በላይ ቀይ፣ 5 እና 6 ብርቱካናማ፣ 3 እና 4 ቢጫ፣ ከዚያ በታች አረንጓዴ ይሆናል። ተደግፋ የምትራመድ (1 ነጥብ)፣ የልብ ምቷ 115 የሆነ (2 ነጥብ)፣ በደቂቃ 32 ጊዜ የምትተነፍስ (3 ነጥብ)፣ ሌላው ሁሉ ደህና የሆነ ሴት ድምሯ 6 ነው፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ መታየት አለባት። አተነፋፈሷ ሳይቆጠር 20 ተብሎ ከተጻፈ ግን 1 ነጥብ ብቻ ስለሚያሰጣት ድምሯ 4 ይሆንና ወደ ቢጫ ወርዳ አንድ ሰዓት ትጠብቃለች። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ደቂቃ ለመቆጠብ ነው።

«መሣሪያው ደህና ካለ ደህና ነው»

ጣት ላይ የሚገባው የኦክስጅን መለኪያ ጠቃሚ ቢሆንም ዳኛ አይደለም። ጣት ሲቀዘቅዝ ወይም ጥፍር ቀለም ሲቀባ ንባቡ ይዛባል። ቤት ዘግቶ ከሰል ሲያነድ ጭሱ የመረዘው ሰው ላይ ደግሞ ጨርሶ ያሳስታል፤ መሣሪያው በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ደም ኦክስጅን ከተሸከመው መለየት ስለማይችል፣ ራሱን ሊስት የተቃረበ ሰው ላይ 98 በመቶ የሚል ደህና ንባብ ሊያሳይ ይችላል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ስለምትገኝ ከቆላው ጥቂት ዝቅ ያለ ቁጥር ማየት ያለ ነገር ነው፤ የአንገቱ ጡንቻ እስኪጎተት የሚተነፍስ ሰው ላይ 94 ማየት ግን «ደህና ነው» አያሰኝም።

«በአምቡላንስ የመጣ ከባድ፣ በእግሩ የመጣ ቀላል ነው»

በከተማችን የልብ ድካም ያለበትም፣ ምጥ የያዛትም፣ መርዝ የጠጣም በባጃጅ ይመጣል። መጓጓዣው የሚነግረን በአቅራቢያው ምን እንደተገኘ ብቻ ነው።

«አንዴ የተሰጠ ቀለም አይለወጥም»

ቀለም የሚናገረው ታካሚው በተለካበት ደቂቃ ስለነበረበት ሁኔታ ነው፤ ለቀሪው ቀን ዋስትና አይሰጥም። ከሞተር ሳይክል ወድቆ በግራ ጎኑ በኩል የተመታ ወጣት ሲገባ እየተራመደ፣ እየቀለደም ሊሆን ይችላል። ጣፊያው ቀስ እያለ የሚደማ ከሆነ ግን መጀመሪያ የልብ ምቱ ይጨምራል፣ እጁ ይቀዘቅዛል፣ ይቁነጠነጣል፤ የደም ግፊቱ የሚወርደው ከዚያ በኋላ፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ወጣት ሰውነት ግፊቱን እስከ መጨረሻው ይዞ ስለሚቆይ «ግፊቱ 110 ነው፣ ይጠብቅ» ብሎ መተው አደገኛ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው የወባ ወቅትም መጠበቂያው በትኩሳት ታካሚ ሲሞላ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ የተጠየቀውን መመለስ ሲሳነው ወይም ሰውነቱ መንዘፍዘፍ ሲጀምር የሚያየው ሰው ከሌለ የጠዋቱ ቢጫ ቀለም ምንም አይጠቅመውም። ስለዚህ በየፈረቃው የመጠበቂያውን ክፍል እየዞረ ዳግም የሚለካ ሰው በስም መመደብ አለበት። «ሁላችንም እናያቸዋለን» ከተባለ ማንም አያያቸውም።

«ሥራ ማካፈል ሥራ መሸሽ ነው»

በብዙ ክፍሎቻችን ሥራ የሚያካፍል ነርስ ወይ ሰነፍ ወይ አለቃ መሆን ያማረው ተደርጎ ይታያል። አመለካከቱ የሚጎዳው ታካሚውን ነው። ስድስት ሰው የያዘች ነርስ አልጋ ማንጠፉንም፣ ናሙና ላቦራቶሪ ማድረሱንም፣ ኦክስጅን ሲሊንደር መጎተቱንም ራሴ ካላደረግኩት ካለች፣ ከእሷ በቀር ሌላ ሰው የማይሠራው ሥራ ሳይሠራ ይቀራል። ያ ሥራ የመጀመሪያው ግምገማ፣ የውጤት ትርጉም፣ የቅድሚያ ውሳኔና ሁኔታው ያልረጋ ታካሚ ክትትል ነው፤ እነዚህ ለተለማማጅም፣ ለረዳትም፣ ለአስታማሚም አይሰጡም።

የቀረው ሥራ ሊካፈል የሚችል ቢሆንም የሥራው ስም ብቻውን አይወስንም። ቁርጭምጭሚቱ የታጠፈበትን ሰው ወደ ራጅ ክፍል መግፋት የተላላኪ ሥራ ነው፤ ደረቱ ተመትቶ የሚያለከልከውን ሰው ወደዚያው ራጅ ክፍል መውሰድ ግን ኦክስጅን የያዘ ነርስ አብሮ ካልሄደ ባይሞከር ይሻላል። መንገዱም፣ ጋሪውም፣ ራጅ ክፍሉም አንድ ሆነው ሳለ የታካሚው ሁኔታ ሥራውን ሌላ አደረገው። በነርሲንግ ትምህርት ሥራን ስለማካፈል የሚጠቀሱት አምስት መመዘኛዎችም፣ ማለትም ትክክለኛ ሥራ፣ ትክክለኛ ሁኔታ፣ ትክክለኛ ሰው፣ ትክክለኛ መመሪያ እና ትክክለኛ ክትትል፣ አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ ዋጋ የማይኖራቸው በዚህ ምክንያት ነው።

በእኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው መመሪያው ነው። «አልጋ 4 ያሉትን እናት አንድ ጊዜ እያቸው» የሚል ትእዛዝ ምን እንደሚታይ፣ መቼ እንደሚታይና ምን ሲታይ እንደሚነገር አይገልጽም። «የአልጋ 4 እናትን የደም ግፊትና የልብ ምት አሁን ለካ፤ ግፊቱ ከ100 በታች ከሆነ ወይም ምቱ ከ110 ካለፈ ሌላ ሥራ ሳትጀምር መጥተህ ንገረኝ፤ ካልሆነም ከ15 ደቂቃ በኋላ ድገመውና ሁለቱንም ጻፍ» ማለት የሚወስደው አሥር ሴኮንድ ተጨማሪ ነው። ከዚያም ተቀባዩ የሰማውን መልሶ እንዲናገር ማድረግ ያስፈልጋል። በባህላችን ታላቅን «አልችልም» ማለት ነውር ስለሚመስል፣ «እሺ» የሚለው ቃል ብቻውን ሰውየው ሥራውን ስለማወቁ ምንም አይነግረንም።

«ካካፈልኩት ኃላፊነቱ ከእኔ ወርዷል»

ሥራው ይካፈላል፤ ተጠያቂነቱ ግን ከአካፋዩ አይወርድም። ጀማሪ በነበርኩበት ጊዜ አንድን ተለማማጅ የአንድ አዛውንት ስኳር እንዲለካ ነገርኩት። ለካ፤ 48፣ ማለትም በጣም ዝቅተኛ፣ መሆኑን በንጹሕ ጽሕፈት ካርዱ ላይ አስፍሮ ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። ካርዱን ገልጬ ያየሁት ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቼ ነው። ግሉኮስ ተሰጣቸውና አባት ነቁ፤ ተለማማጁን ግን ሊወቅሰው የሚችል ሰው አልነበረም፤ ለካ ተባለ፣ ለካ። የትኛው ቁጥር ሲመጣ ሮጦ እንዲነግረኝ ያልነገርኩት እኔ ነኝ፣ ተመልሼ ያልጠየቅኩትም እኔ ነኝ።

«አስታማሚ ካለ ሌላ ሰው አያስፈልግም»

አስታማሚ ባይኖር ክፍሎቻችን እንደማይቆሙ የማይካድ ነው። ማብላት፣ ማገላበጥ፣ ገላ ማጠብ፣ «ዓይኑ እየተለወጠ ነው» ብሎ መጣራት ቤተሰብ ከማንም በላይ የሚያውቀው ነገር ነው። አደጋው የሚመጣው ማን ምን እንደማይነካ ሳይነገር ሲቀር ነው፤ ዘመዱ ቶሎ እንዲሻለው ብሎ የጉሉኮሱን ማስተካከያ የሚከፍት፣ ድምፁ ረበሸኝ ብሎ ኦክስጅኑን የሚቀንስ አስታማሚ ክፋት የለበትም። «ይህን ከነኩ ልባቸው ላይ ውሃ ሊበዛ ይችላል፤ ሲያልቅ ይጥሩኝ» ብሎ አንድ ጊዜ ማሳየት በኋላ ከመቆጣት ይሻላል።

«ብዙ ሰው የተጎዳበት አደጋ ሲመጣም ደንቡ ያው ነው»

በአዘቦት ቀን በጣም የባሰበት ይቀድማል፤ ያለው ሰውና ዕቃ ለሁሉም ይበቃልና። አውቶቡስ ተገልብጦ ሠላሳ ቁስለኛ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ግን ጥያቄው ባለው አቅም ከሁሉ የሚበልጠውን ቁጥር ማትረፍ ይሆናል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በ1983 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው ስታርት የሚባለው ዘዴ ለአንድ ሰው ከአንድ ደቂቃ በታች ይበቃዋል። መራመድ የሚችሉት ሁሉ ወደ አንድ ጥግ እንዲሄዱ ይነገራቸዋል፤ እነሱ አረንጓዴ ናቸው። ከቀሩት ውስጥ በደቂቃ ከ30 በላይ የሚተነፍስ፣ የእጅ አንጓው ላይ የልብ ምት የማይገኝ ወይም «እጄን ጨብጥ» ሲባል የማይጨብጥ ቀይ ነው፤ ከእነዚህ አንዱም የሌለበት ቢጫ ነው። የአየር መተላለፊያው ተከፍቶለትም የማይተነፍስ ሊተርፍ እንደማይችል ተቆጥሮ ጥቁር ምልክት ይደረግበታል። በአዘቦት ቀን ለዚህ ሰው ክፍሉ በሙሉ በተሯሯጠ ነበር፤ ባለሙያዎች ከሁሉ የሚከብደን ይሄ ነው።

የሥራ ክፍፍሉም ይገለበጣል። በር ላይ የምትቆመው ነርስ የአየር መተላለፊያ ከመክፈትና የሚንዠቀዠቅ ደም ከማስቆም በቀር ማከም የለባትም፤ አንዱ ቁስለኛ ላይ ካጎነበሰች ከኋላው ያሉት ሃያ ዘጠኙ ሳይለዩ ይቀራሉ። ለዚህ ቦታ ልምድ ያላት መመደብ አለባት፤ አረንጓዴዎቹን የሚጠብቅ ተለማማጅ፣ በሩን ከቤተሰብ ጭንቅንቅ የሚያስጠብቅ ጥበቃ፣ ስምና ዕቃ የሚመዘግብ አንድ ሰው አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ተጨማሪ ተረኞች ደርሰው አልጋ ሲገኝ ደግሞ ሁሉም፣ ጥቁር ምልክት የተደረገባቸው ጭምር፣ እንደገና ይታያሉ።