ቆርኪ፣ ጠጠርና ገበጣ፦ የመቁጠር ጨዋታ በ1ኛና በ2ኛ ክፍል

በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በዜማ ነው። አስተማሪዋ «አንድ» ስትል ክፍሉ ተቀብሎ እስከ ሃያ ይወርደዋል። ዜማው የቁጥሮቹን ስምና ተራ ለማስያዝ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እስከ ሃምሳ ሳይሳሳት የሚወርድ ልጅ ፊቱ ያሉትን ስምንት ጠጠሮች ሲቆጥር አስር ሊያደርሳቸው ይችላል፤ አፉ ከጣቱ ይቀድማል። አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጌልማንና ጋሊስተል እ.ኤ.አ. በ1978 ካስቀመጧቸው የመቁጠር መርሆች ሦስቱ ለክፍል ሥራ ወሳኝ ናቸው፦ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ስም ብቻ መስጠት፣ የስሞቹን ተራ አለማዛባት፣ መጨረሻ የተጠራው ስም የሁሉም ብዛት መሆኑን ማወቅ። ሦስተኛውን ለመፈተሽ ልጁ ሰባት ቆርኪ ቆጥሮ ሲጨርስ «ስንት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። መልስ በመስጠት ፋንታ እንደገና «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ከጀመረ ገና ነው።

ለቁጥር ማስተማሪያ ከሁሉ የሚቀለው ዕቃ ቆርኪ ነው። 60 ተማሪ አምስት አምስት ሆኖ ሲከፈል 12 ቡድን ይወጣዋል፤ ለየቡድኑ 20 ቆርኪ ቢሰጥ 240 ያስፈልጋል፣ ለሚጠፋው ደግሞ 20 ያህል መጨመር ነው። የዛገው ይጣላል፤ የቀረው በሳሙና ይታጠባል። ቀጥቅጦ ጠፍጣፋ ማድረግ አይመከርም፣ ጠርዙ እጅ ይቆርጣል። ባቄላና ሽምብራም ይሠራሉ፤ ሆኖም ይነቅዛሉ፣ የኦ ክፍል (ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለው ዓመት) ልጆችም አፍንጫቸውና ጆሯቸው ውስጥ ይከቷቸዋል። ለትንንሾቹ ቆርኪው ይሻላል።

ቆርኪው በክብ ከተደረደረ መነሻው ይጠፋና የተቆጠረው ይደገማል። ስለዚህ መጀመሪያ በመስመር፣ ቀጥሎም እያነሱ ወደ ሌላ ቦታ በማሻገር ይቆጠራል። በክብ የተቀመጠውን መቁጠር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዱ ቆርኪ ተገልብጦ መነሻ ይሆናል። ሲሰበሰብም ሥራ አለው፦ «18 ተመለሰ፤ ስንት ጎደለ?»

የ30 እንቁላል ትሪ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ረድፍ ነው። በሦስት ቢቆረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ረድፍ ባለ አምስት፣ ማለትም አስር ጉድጓድ ይሆናል። ሰባት ቆርኪ የደረደረ ልጅ አንዱ ረድፍ ሞልቶ ሁለት እንደተረፈ፣ ለአስር ደግሞ ሦስት እንደጎደለ በዓይኑ ያያል። አስር ሲሞላ ወደ ስንጥር ይታለፋል፦ እኩል የተቆረጡ፣ አንድ ጣት ያህል የሚረዝሙ ስንጥሮች አስር አስር ሆነው በላስቲክ ይታሰራሉ። ማሰሩን ልጆቹ ራሳቸው ካልሠሩት አንድ እስር አስር መሆኑን አያምኑም። አስተማሪ አስቀድሞ አስሮ ሲያመጣ ብዙዎቹ እስሩን እንደ አንድ እንጨት ይቆጥሩታል።

ከአስር በላይ አማርኛ ይረዳል። አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት ሲባል አንድ እስርና ልቅ ስንጥሮች እንዳሉ ከስሙ ይሰማል። ችግሩ ከሃያ ይጀምራል፤ በተለይ ሰላሳና ስልሳ በድምፅ ስለሚቀራረቡ በየክፍሉ ይምታታሉ። ሁለቱን ስሞች ደጋግሞ ከማስጮህ ሦስት እስርና ስድስት እስር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይሻላል።

ቅልብልቦሽን ልጆቹ ከቤት ይዘውት ይመጣሉ። አምስት ጠጠር ይበተናል፤ አንዱ ወደ ላይ ተወርውሮ እስኪመለስ ከመሬት ያሉት አራቱ ይለቀማሉ። በመጀመሪያው ዙር አንድ አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስትና አንድ፣ በአራተኛው አራቱም በአንዴ። አራት በምን በምን እንደሚከፈል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ መማሪያ ማግኘት ይከብዳል። ለክፍል የሚጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተጫዋቹ ከማንሳቱ በፊት «ሦስትና አንድ» ብሎ ይጠራል። እጁ ለመቅለብ ያልደረሰ ልጅ ጠጠሩን በመወርወር ፋንታ ጓደኛው ሦስት ጊዜ እስኪያጨበጭብ ይለቅማል።

ገበጣ ለ2ኛ ክፍል ነው። ያው የእንቁላል ትሪ በሌላው አቅጣጫ ቢቆረጥ ሁለት ረድፍ ባለ ስድስት ጉድጓድ ሁለት ገበጣ ይወጣዋል፤ አንድ ረድፍ ይተርፋል። በየጉድጓዱ አራት ጠጠር ሲገባ 48 ይሆናል፤ ለጀማሪ ግን ሦስት ሦስት፣ በጠቅላላ 36 ይበቃል። ከአንዱ ጉድጓድ የተነሳው ጠጠር ወደ ቀጣዮቹ አንድ አንድ እየተጣለ ይሄዳል፤ ሁለት የጣለን ልጅ ከአስተማሪ ፈጥኖ የሚይዘው ተጋጣሚው ነው። የአበላሉ ሕግ ከአካባቢ አካባቢ ስለሚለያይ፣ ጭቅጭቅ እንዳይነሳ ሳይጀመር መስማማት ያስፈልጋል።

ዕቃ በሌለበት ሜዳው ይበቃል። ልጆቹ ሲሮጡ «በአምስት!» ይባላል፤ 43 ልጅ ስምንት ቡድን ሠርቶ ሦስት ይቀራል። ሁልጊዜ የሚቀረው ዓይን አፋሩ ልጅ እንዳይሆን የሚቀጥለውን ቁጥር የሚጠሩት የቀሩት ናቸው። የሰኞ ማክሰኞ ሳጥኖች ውስጥ 10፣ 20፣ 30 እየተጻፈ በአንድ እግር እየዘለሉ መጥራት፣ በኩኩሉ ደግሞ ዓይኑን የጨፈነው ልጅ ከሃያ ወደ ታች እንዲቆጥር ማድረግ ይቻላል። ወደ ኋላ መቁጠር ከባድ ነው፤ ከአስር ቢጀመር ይሻላል።

ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ለጨዋታው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ቆርኪው መወራወሪያ ይሆናል። 60 ልጅ በአንድ ቀን መፈተሽ አይቻልም። ሌሎቹ ሲጫወቱ በቀን አምስት ልጅ ለየብቻ ቢታይ በ12 የትምህርት ቀን ክፍሉ ይዳረሳል። መዝገቡ ላይ ከስም አጠገብ ሦስት ነገር ይጻፋል፦ እስከ ስንት ይጠራል፣ እስከ ስንት ዕቃ ሳይስት ይቆጥራል፣ «ስንት ሆነ?» ሲባል ሳይደግም ይመልሳል ወይ። የመጀመሪያው 50፣ ሁለተኛው 8 የሆነ ልጅ በሚቀጥለው ቀን የሚሰጠው አስር ጉድጓድ ያለው የትሪ ቁራጭ ነው።